ቀለም የሚያስተምረው፦ የሕፃናት ሥዕልና የሳይንስ መነሻ በጌዴኦ ምድር

(ለመምህራን፣ ለዕጩ መምህራንና ለእንግዶች በዲላ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሕፃናት በሥዕል አማካይነት ሳይንስ ይማሩ የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ሰው አላጋጠመኝም። ሁላችንም እንስማማለን፤ ከተስማማን በኋላም ልጁን የአበባ ክፍሎች የታተሙበት ወረቀት ሰጥተን በሦስት ቀለም እንዲቀባው እናደርጋለን። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ወላጅ ይደሰታል፣ ሥራው አለቀ። እኔ ዛሬ የምከራከረው ይህ ሥዕልም ሳይንስም አይደለም ብዬ ነው። ልጁ የቀባው ሌላ ሰው አስቀድሞ ያየውን ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ሊሳሳት የሚችለው ከመስመር በመውጣት ብቻ ነው፤ ስሕተቱን የሚነግረውም መምህሩ እንጂ አበባው አይደለም።

እኔ የምፈልገው መለኪያ ሌላ ነው። ልጁ አንድ ነገር ይጠብቅ፤ ቁሱ ሌላ ነገር ያድርግ፤ ልጁም የሆነውን ይሣል። ቁሱ ልጁን ማረም የሚችልበት የሥዕል ሥራ የሳይንስ ትምህርት ነው። ቁሱ ዝም የሚልበት ሥራ ግን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ጌጥ ነው።

«ቀለም» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ይሸከማል። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን የሚነክርበት ጥቁር ፈሳሽ ቀለም ነው። የአበባው ቅላት ቀለም ነው። ትምህርትም ራሱ ቀለም ነው፤ «ቀለም የቆጠረ» ስንል የተማረ ማለታችን ነውና። ይህ የቃል አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። በድሮው ሥርዓት መጻፍ የሚማረው ሰው ቀለሙን ከሱቅ አይገዛም ነበር። ጥቀርሻውን ይሰበስባል፣ እህሉን ይቆላል፣ ቅጠሉን ይወቅጣል፣ ከሙጫ ጋር አዋህዶ ለወራት ያብላላዋል። ሙጫው ካነሰ ጽሕፈቱ ይረግፋል፤ ከበዛ ብዕሩ ይይዘዋል። ይህን የሚነግረው ቀለሙ ራሱ ነው። ያ ሰው ስለ ማጣበቂያና ስለ ቅንጣት የሚያውቀውን በኬሚስትሪ ቋንቋ ባይናገረውም ያውቀው ነበር።

ሥዕል ዓይንን ያሠለጥናል ሲባል ብዙ ጊዜ እንደ ማባበያ ንግግር ይታያል። ስለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1609 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ሃሪየት ጨረቃን በቴሌስኮፕ አይቶ ሣላት። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እንዲሁ አደረገ። ሃሪየት የሣለው የብርሃንና የጨለማ ወሰን የተንቀጠቀጠ መስመር ሲሆን ጥቂት ጥቁር ነጠብጣቦችም አሉበት። ጋሊሊዮ ግን ተራራና ሸለቆ ሣለ። በፍሎረንስ የብርሃንና የጥላ አሣሣልን የተማረ ሰው ስለ ነበር፣ በጨለማው ክፍል ውስጥ ያለች ብሩህ ነጥብ ፀሐይ ቀድማ የነካቻት ጫፍ መሆኗን ተረዳ። የጋሊሊዮ መሣሪያ የበለጠ ያጎላ እንደነበር መዘንጋት የለብንም፤ ልዩነቱን ሁሉ ለሥዕል መስጠት ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን የጋሊሊዮ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1610 ከወጣ በኋላ ሃሪየት ጨረቃን እንደገና ሲስላት ጉድጓዶቿ በወረቀቱ ላይ ታዩ። አንድ ሰው እንዴት ማየት እንዳለበት ከሌላ ሰው ሥዕል ሊማር ይችላል ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከዚህ ከዲላ ብዙም ሳይርቅ፣ በወንዝ ገደል ግድግዳ ላይ፣ ሻቤ ወይም ሻፔ በሚባለው ሥፍራ የተቀረጹ ከብቶች አሉ። ፍራንሲስ አንፍሬ የተባሉት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለጥናት ዓለም ያስተዋወቋቸው ሲሆን ቁጥራቸው 50 ገደማ ይደርሳል። ከተማሪዎቻችን መካከል ሄዳችሁ ያያችሁ ስንት እንደሆናችሁ አልጠይቅም። ከብቶቹ በተርታ ይሄዳሉ። አካላቸው ከጎን የታየ ነው፤ ቀንዶቻቸው ግን ከላይ ወይም ከፊት የታዩ ያህል ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ የላሞቹ ጡት ጎልቶ ወጥቷል። ካሜራ እንዲህ ያለ ላም ፈጽሞ ሊያነሣ አይችልም። ቀራጩ ግን አላዋቂ አልነበረም። ስለ ላሟ መታወቅ ያለበትን፣ ማለትም የቀንዷን ቅርጽ፣ የወተቷን ነገር፣ የአካሏን ርዝመት፣ እያንዳንዱን ከሚታይበት አቅጣጫ መርጦ በአንድ ምስል ላይ አዋሐደው። የሥነ ሕይወት መጽሐፋችን የልብን ሥዕል ሲያቀርብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከፊሉ ተከፍቶ ከፊሉ ተዘግቶ፣ ማንም በዓይኑ እንደዚያ ያላየው ልብ። የአራተኛ ክፍል ልጆች በመጀመሪያ ላም ከጎን ብቻ፣ ቀጥሎ ከላይ ብቻ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አዋሕደው እንዲስሉ ብናደርግ፣ ሳይንሳዊ ሥዕል ማለት የተመረጠ መረጃ መሆኑን ያለ አንዳች ትርጓሜ ይረዱታል።

አሁን በዝርዝር ልቆይበት ወደምፈልገው ምሳሌ ልለፍ። ምሳሌው የቡና ጠብታ ነው።

በጌዴኦ ቡና የማያውቅ ልጅ የለም። የይርጋ ጨፌ ስም በዓለም የቡና ገበያ ምን ያህል እንደሚጠራ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ለሥዕል ሥራ ግን ቡና ሌላ ጥቅም አለው። ከአንድ ጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይቀዳል፤ ሦስቱም ቡና ናቸው፣ ሦስቱም ግን የተለያየ ጥቁረት አላቸው። ልጁ በብሩሽ ወይም በጣቱ ሦስቱን ጎን ለጎን ሲቀባ ከጨለማ ወደ ደብዛዛ የሚሄድ የቀለም ደረጃ ያገኛል። በዚያ ደረጃ ተራራ ይስላል፤ ቅርቡን በአቦል፣ መካከለኛውን በቶና፣ ሩቁን በበረካ። ከመምህሩ የሚጠበቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «በረካው ውስጥ ከአቦሉ የጎደለው ምንድን ነው?» የውሕድ መጠን የሚባለውን ሐሳብ በቀመር ከማስተማራችን በፊት ልጁ በጣቱ ቀብቶታል።

ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ ቡና ነጭ ሳህን ላይ ትቀመጥ፤ ትድረቅ። ልጆቹ አስቀድመው ምን ዓይነት ምልክት ትታ እንደምትሄድ ይሳሉ። አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው መሃሉ ጠቁሮ ዳሩ የሳሳ ክብ ነው፤ ጠብታዋ መሃሏ ወፍራም ስለሆነ እንዲህ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ጠብታዋ ስትደርቅ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ዳሩ እንደ ቀለበት ይጠቁራል፤ መሃሉ ባዶ ይቀርባል። ይህን ቀለበት በየቤታችን ረከቦት ላይ ሺህ ጊዜ አይተነዋል፤ እንጠርገዋለን እንጂ አንጠይቀውም።

የሚያስደንቀው የፊዚክስ ዓለምም ለረጅም ጊዜ በበቂ አለመመለሱ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ዲገንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ነው ነገሩ የተብራራው። የጠብታዋ ዳርቻ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ውሃው ሲቀንስ ወደ መሃል አይሸሽም። ትነቱ ደግሞ በዳርቻው ላይ ይበረታል። ዳሩ የጠፋበትን ውሃ ለመተካት ከመሃል ወደ ዳር ዝግ ያለ ፍሰት ይፈጠራል፤ ፍሰቱም የቡናውን ቅንጣቶች ተሸክሞ ዳር ላይ ያራግፋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ቅንጣቶቹ ድቡልቡል መሆናቸው ቀርቶ እንደ እንቁላል የተሳቡ ከሆኑ ቀለበቱ እንደሚጠፋ አሳየ። የተሳቡት ቅንጣቶች በውሃው ገጽ ላይ እርስ በርስ ይያያዛሉና ዳር ላይ አይከማቹም። ይህ ለማተሚያ መሣሪያዎችና ለቀለም ኢንዱስትሪ ብርቱ ጉዳይ ነው።

ልብ በሉ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ማብራሪያ እንዲሸመድድ አልፈልግም። እንዲያውም ማብራሪያው ቶሎ ከተነገረው ሥራው ይበላሻል። ልጁ ማድረግ የሚችለው መለዋወጥ ነው። አንዷን ጠብታ ፀሐይ ላይ፣ አንዷን ጥላ ውስጥ ያስቀምጥ። አንዷን በብርጭቆ ይክደናት። አንዱን ሳህን በሻማ ያሸው፤ አንዷንም ጠብታ ውሃ በማያስርገው በኮባ ቅጠል ላይ ያሳርፋት። ዳርቻው የማይጣበቅበት ቦታ ላይ ጠብታዋ እየተሰበሰበች ስለምትደርቅ ቀለበቱ ይዳከማል ወይም ይበላሻል። በመጨረሻ ልጁ የስድስት ጠብታዎችን ሥዕል በተርታ ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ምን እንዳደረገ ጽፏል። ይህን ገጽ ለአንድ ተመራማሪ ብታሳዩት የቤተ ሙከራ መዝገብ ነው ይላችኋል። ለአንድ ሠዓሊም ብታሳዩት በውሃ ቀለም ሲሠራ የሚያውቀውን ጠርዝ ያያል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ቁሱ መምህሩንም ሊያርም ይችላል። የብዙ አገር የሕፃናት መጻሕፍት ቀይ ጥቅል ጎመንን ቀቅሎ ውሃውን ለሥዕል መጠቀምን ይመክራሉ፤ ሎሚ ሲጨመርበት ወደ ሮዝ፣ የአመድ ውሃ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። ጎመኑ በማይገኝበት ቀን «ቀይ ሥርም ቀይ ነው» ብሎ መተካት ይመጣል። ቀይ ሥሩ ግን በሎሚ ንቅንቅ አይልም፤ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። በጠንካራ የአመድ ውሃ ውስጥ ቢቆይ ወደ ብጫ ሊያደላ ይችላል። ምክንያቱ ሁለቱ ቅላቶች ለዓይን ቢቀራረቡም የተለያዩ ውሕዶች መሆናቸው ነው። የጎመኑ አንቶሲያኒን፣ የቀይ ሥሩ ቤታላይን ይባላል፤ ሁለቱን በአንድነት የሚሠራ ተክል እስካሁን አልታወቀም። እንዲህ ያለው ትምህርት «ሙከራው አልተሳካም» ተብሎ ሊጣል የማይገባው ነው፤ ያልተለወጠው ወረቀት ከተለወጠው ጎን ይለጠፍ። የአመድ ውሃ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል በመምህሩ እጅ ብቻ ይያዝ፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

አፈርን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ግብርና የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ከእኔ የተሻለ ያውቁታልና። ቀዩ አፈራችን ቀይ የሆነው በብረት ዝገት ነው። በውሃ ተቋጥሮ አየር ያጣ ቦታ ላይ አፈሩ ግራጫ ይሆናል። ልጆች ከየደጃፋቸው አፈር አምጥተው በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ቢያናውጡት አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሸክላው ለቀናት ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። ከላይ የቀረው ደቃቅ ለቀለም ይሆናል፤ አሸዋው ከወረቀቱ ይረግፋል። ሙጫ ወይም የእንቁላል አስኳል ሲጨመርበት ይይዛል። የብራና ጸሐፊው ችግር እዚህ እንደገና ይመጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቅጠሉና ጥላው ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። የተመዘገበው የትክል ድንጋዩና ጥብቅ ደኑ ብቻ አይደለም። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ እንዲህ ተደራርቦ የሚያድግበት የእርሻ ጥበብ ከነሰዎቹ ተመዝግቧል። ሐውልት አጥር ሊታጠርለት ይችላል። የእርሻ ጥበብ ግን የሚጠበቀው የሚቀጥለው ትውልድ ከገባው ብቻ ነው። አሁን አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ሌላ ነገር ሊተክል ወይም ሊተወው ይወስናል፤ ሲወስንም ያ ዛፍ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለማወቁ ለውጥ ያመጣል። ዛሬ በየክፍሉ የምናስተምረው የምግብ ሰንሰለት ሥዕል ብዙ ጊዜ አንበሳና የሜዳ አህያ ነው። ልጁ በየቀኑ በእንሰት መካከል አቋርጦ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ስለ ሳቫና ይስላል።

ስለዚህ አንድ ሥራ ሐሳብ አቀርባለሁ። በበጋ፣ ዝናብ በማይኖርባቸው ሳምንታት፣ ልጆች ከአሮጌ ጋዜጣ እኩል እኩል ቁራጮችን ይቁረጡ፤ በእያንዳንዱ መሃል ላይ በካርቶን የተሠራ የቅጠል ቅርጽ ያስሩበት። አንዱን ገላጣ ቦታ፣ አንዱን ከዛፍ ሥር፣ አንዱን ከእንሰቱ በታች ከቡናው አጠገብ ይስቀሉት። ጋዜጣ ፀሐይ ሲያገኘው ይበጫል፤ ካርቶኑ የሸፈነው ቦታ ግን ነጣ ብሎ ይቀራል። ከቀናት በኋላ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ገላጣው ላይ የነበረው የቅጠል ምስል ጎልቶ ይወጣል፤ ከእንሰቱ ሥር የነበረው በጭንቅ ይታያል። ልጁ በየደረጃው የተረፈውን ብርሃን በወረቀት ላይ አትሞታል። አያቶቹ ብርሃኑን እንዴት እንዳከፋፈሉት በዓይኑ ያያል።

ቀጥሎ ከጥላ ውስጥ ካለ ቡናና ከገላጣ ቦታ ካለ ቡና ቅጠል ያምጣ፤ በሒሳብ ደብተሩ ካሬዎች ላይ ዳር ዳሩን ይሣል፤ ካሬዎቹን ይቁጠር። የጥላው ቅጠል በአብዛኛው ሰፋና ሳሳ ይላል። በአብዛኛው ነው የምለው፤ አንዳንዱ ቅጠል እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ አንድ ቅጠል ስለማይበቃ አሥር እንቁጠር የሚለው ሐሳብ ከልጆቹ ራሳቸው ሊመጣ ይችላል። ከሰልም ይዘው የቅጠሎቹን ጀርባ በወረቀት ላይ ይፈግፍጉ። የቡናው ሥሮች እንደ መረብ ይተሳሰራሉ፤ የእንሰቱ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይሄዳሉ። ነፋስ የእንሰት ቅጠልን ለምን በተርታ እንደሚሰነጣጥቀው የሚጠይቅ ልጅ መልሱ እጁ ላይ ነው።

በአገራችን ሥዕልንና ሕፃናትን ያገናኘ ትልቅ ሥራ ሲነሣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጠቀስ አለበት። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው በካልሲ አሻንጉሊት የጀመሩት ይህ የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ ፀሐይ የምትባል የስድስት ዓመት ቀጭኔን የአገሪቱ ልጆች ሁሉ ወዳጅ አድርጓታል። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጤና፣ ስለ ማወቅ ጉጉት በአማርኛ ለሕፃናት በሕፃናት ደረጃ ተናግሯል። ከዚያ የምንወስደው ትልቅ ትምህርት ውድ ዕቃ አለማስፈለጉ ነው፤ ካልሲ በቅቷል። ይሁንና ስክሪን ልጁ እጅ ላይ ያለውን ጠብታ ሊያደርቅለት አይችልም። ፀሐይ ጥያቄውን ልታስጀምረው ትችላለች፤ ጠብታው የሚደርቀው ግን ክፍል ውስጥ ነው።

መምህራን የምታነሡትን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው። በሥርዓተ ትምህርቱ አካባቢ ሳይንስና የክወናና የዕይታ ጥበባት ለየብቻ የተመደቡ ናቸው። ይህ ግን እንቅፋት ብቻ አይደለም፤ ጠብታው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ይቀመጣል፣ በሌላው ደርቆ ይሣላል። ለመድረቅ የሚፈጀው ጊዜ ለሁለቱ ትምህርቶች ድልድይ ይሆናል። ስለ እንቁላሉና ስለ ጎመኑ የሚነሣው ጥያቄ የበለጠ ከባድ ነው። ቁርሱን ሳይበላ የመጣ ልጅ ፊት እንቁላል ሰብሮ ቀለም መሥራት ነውር ነው፤ እኔም አልመክረውም። በእንቁላሉ ፋንታ የዛፍ ሙጫ ይተካ። ለቡናው የአተላው እጣቢ ይበቃል። ጋዜጣ፣ ከሰልና አፈር የሚበላ አይደለም።

የቋንቋውም ነገር አለ። በዝቅተኛ ክፍሎች ልጆቻችን የሚማሩት በጌዴኡፋ ነው፤ ለቅጠል ክፍሎች፣ ለአፈር ዓይነቶች፣ ለእንሰት ዝርያዎች ቋንቋው ሰፊ ሀብት አለው። ልጁ ከሥዕሉ ሥር የሚጽፈው ቃል እናቱ የምትጠራው ቃል ይሁን። የመማሪያ መጽሐፉ ቃል ከሌለው መጽሐፉ ነው መሟላት ያለበት። የቋንቋ ክፍል ባልደረቦቼ ይህን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ፤ የአንድ ክፍል ልጆች በአንድ ወሰነ ትምህርት የሚጽፏቸው ስሞች ተሰብስበው ቢመዘገቡ ብቻ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ማርክ ነው፤ በእኔ ግምት ሁሉም ነገር የሚፈርሰው ወይም የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ደብተር ፊታችሁ አለ እንበል። በአንዱ ላይ ሥርዓት ያለው፣ ቀለበቱ ፍጹም ክብ የሆነ ጠብታ ተስሏል፤ ሳህኑ ላይ ያለው ጠብታ ግን ጎኑ ተቀዶ ፈሷል። በሌላው ላይ የተዝረከረከ፣ አንድ ጎኑ የተንጠባጠበ ምልክት አለ፤ ሳህኑ ላይ ያለውም ያው ነው፤ ከሥሩ «ጠረጴዛው ዘንበል ብሎ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ለመጀመሪያው አሥር፣ ለሁለተኛው አራት ከሰጠን ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ሳህኑን ማየት ያቆማሉ። ስለዚህ ለምታስተምሩ ሁሉ ይህን አሠራር እንድትሞክሩት አሳስባለሁ፦ ሥዕሉ ከሳህኑ ጋር ጎን ለጎን ካልቀረበ አይታረም። መምህሩ መጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥሎ ደብተሩን ይመልከት።

 ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።